አሸንፎ የተቀጣው ካፒቴን ናት

እግር ኳስ በአንድ ሰው ምክንያት ሕጉን የቀየረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ሲሻሻል ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በኒውካስሉ ተከላካይ በቢል ማክራከን ላይ ነበር። ሰውዬው አጥቂዎችን ኦፍሳይድ ወጥመድ ውስጥ የሚከትበት ብልሃት ጨዋታውን ስላቀዘቀዘው፣ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሊኖሩ የሚገባቸው ተጋጣሚዎች ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ። ሆኖም ማክራከን ያገኘውን ዋንጫ መልስ ያለው የለም። ከዚያ 49 ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዮርክ ወደብ የሆነው ግን ከዚህ የከፋ ነው። አንድ ወጣት አሸነፈ፣ ሽልማቱን ተነጠቀ፣ ያሸነፈባት የጀልባ ዓይነትም ከውድድር ታገደች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ 1876፣ ወሩ ሰኔ ነው። አሜሪካ የነፃነቷን መቶኛ ዓመት እያከበረች ስለነበር በኒውዮርክ ወደብ የሸራ ጀልባዎች ውድድር ተዘጋጀ። ከተሰለፉት መካከል አንዷ ከሌሎቹ ጋር ጨርሶ አትመሳሰልም። እንደነሱ አንድ ሰፊ ሆድ የላትም፤ ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጎን ለጎን ተደርገው በአግዳሚ ተያይዘዋል፣ መሀላቸው ላይ ምሰሶና ሸራ ቆሟል። ዛሬ ካታማራን የሚባለው ዓይነት ጀልባ መሆኑ ነው። ርዝመቷ 7 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ስሟ ደግሞ አማሪሊስ። የሠራትም የሚነዳትም የ28 ዓመቱ መሐንዲስ ናትናኤል ግሪን ሄሬሾፍ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ቢወለድ ኖሮ ሰፈሩ ናቲ ይለው ነበር። አሜሪካኖቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ካፒቴን ናት ሲሉት ኖሩ።

ውድድሩ ሲጀመር ነፋሱ ደካማ ነበር። አማሪሊስም እንደ ደካማ ጀማሪ ከኋላ ቀረች። በዚያች ሰዓት ውድድሩ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ስለ ናትናኤል ጀልባ የሚያወራ ሰው ዛሬ ባልተገኘ። በመሀል ግን ነፋሱ በረታ። ያኔ ጉድ ፈላ! ባለ ሁለት ታንኳዋ የፊተኞቹን አንድ በአንድ እየለቀመች አለፈቻቸው፤ መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ የቀሩት ገና ሩቅ ነበሩ። የተረቱት ደግሞ ተራ ጀልባዎች አልነበሩም። በዘመኑ የአሸዋ ከረጢት ተሸካሚዎች ይባሉ የነበሩ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው። ትልቅ ሸራ ስለሚሰቅሉ እንዳይገለበጡ ባሕረኞቻቸው እያንዳንዱ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ተሸክመው፣ ጀልባዋ በታጠፈች ቁጥር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ያግዛሉ። ስፖርት ነው ጉልበት ሥራ ያሰኛል።

ተሸናፊዎቹ ዝም አላሉም፤ ክስ አስያዙ። ክሳቸው ናትናኤል አጭበርብሯል የሚል አልነበረም። ይቺ ነገር ውድድሩ የተዘጋጀላት ዓይነት ጀልባ አይደለችም የሚል ነው። ዳኞቹም ተቀበሏቸው። አማሪሊስ ሽልማቱን ተነፈገች፤ ብዙም ሳይቆይ ባለ ሁለት ታንኳ ጀልባዎች ከመደበኛ ውድድሮች ተገለሉ። ለነገሩ ክለቦቹም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያፈሰሰ ባለሀብት ርካሽ በሆነች ጥንድ ታንኳ ሲበለጥ ነገ ጀልባ የሚገዛ አይኖርም። ቢሆንም ደንቡ ቀድሞ ያልከለከለውን ነገር ከውጤት በኋላ መከልከል በየትኛውም ሜዳ ፍትሕ አይባልም።

ይህ ወጣት ከየት መጣ? የተወለደው ማርች 18 ቀን 1848 በአሜሪካዋ ትንሽ ግዛት በሮድ አይላንድ፣ ብሪስቶል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ዘጠኝ ልጆች ካሉት ቤተሰብ አንዱ ሲሆን፣ በዚያ ቤት ዓይነ ስውርነት ተደጋግሞ ገብቷል። ከሁሉ በላይ ሕይወቱን የቀረጸው ታላቅ ወንድሙ ጆን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ዓይኑ ጠፋ። ጆን ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ጀልባ መሥራቱን ቀጠለ። ማየት ባይችልም በትንሹ የተቀረጸ የጀልባ ሞዴል እጁ ላይ ሲደረግለት በጣቶቹ ዳስሶ የት ጋ እንደወፈረች፣ የት ጋ ውኃ እንደምትይዝ ይናገር ነበር። ትንሹ ናትናኤል ደግሞ የወንድሙ ዓይን ሆነ። ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ እሱ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ሲወጡ መሪ ይይዛል። ኋላ ላይ ወረቀት ላይ ከመሳል ይልቅ እንጨት እየጠረበ ሞዴል ማውጣት የሚመርጠው ከዚህ ልምድ ቢሆን አይገርምም። ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጣት የሚስማማ ቅርጽ መፈለግ እዚያ ቤት የተለመደ ነበር።

ከዚያ በኋላ በታዋቂው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሜካኒካል ምሕንድስና ተማረ። በ1869 ወጥቶ በፕሮቪደንስ ከተማ ኮርሊስ በሚባለው የእንፋሎት ሞተር ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያው በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ አዳራሹን ሙሉ ያንቀሳቅስ የነበረውን 1400 የፈረስ ጉልበት ያለውን ግዙፉን የኮርሊስ ሞተር የመቆጣጠር ሥራም ነበረበት። ቀን ቀን የዘመኑን ትልቁን ማሽን የሚያውቅ ሰው በትርፍ ጊዜው ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎችን አስሮ ይጫወት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ነፋስ ሲበረታ እንደ ጥይት የምትተኮሰው ጀልባ ነፋስ ሲዳከም ለምን ቀረች?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባን የሚይዛት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ራሷ የምታስነሳው ማዕበል ነው። ከባድና ሰፊ ጀልባ በፈጠነች ቁጥር ከፊቷና ከኋላዋ ጉብታ ትሠራለች፤ ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ያን ጉብታ መውጣት ያቅታታል። 7 ሜትር ተኩል ለምትረዝም ጀልባ ይህ ጣሪያ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቀጭን ታንኳ ግን ውኃውን እንደ ቢላ ስለሚሰነጥቀው ጣሪያው አይይዘውም። አማሪሊስ በብርቱ ነፋስ የገሰገሰችው ለዚህ ነው። የአሸዋ ከረጢትም አያስፈልጋትም፤ የሁለቱ ታንኳዎች መራራቅ ብቻውን እንዳትገለበጥ ይይዛታል።

ሁለተኛው የውኃ መተሻሸት ነው። ይኼኛው በዝግታም ጊዜ አይለቅም። ጀልባ በዝግታ ስትሄድ የምታስነሳው ማዕበል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል የሚይዛት ውኃ የነካው ገላዋ ነው። ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ደግሞ ተመሳሳይ ክብደት ከሚሸከም አንድ ድቡልቡል ሆድ ይበልጥ ውኃ የሚነካ ገላ አላቸው። በአጭሩ፣ ሁለት እግር ጭቃ ውስጥ ከሚገባ አንድ እግር ቢገባ ይሻላል። ነፋስ ሲበረታ ትልቅ ጥቅም የሆነው ሁለትነት፣ ነፋስ ሲደክም ዕዳ ይሆናል።

ዛሬ ካታማራን የሚነዱ ሰዎች በደካማ ነፋስ የሚያደርጉት ሁሉ ይህን ዕዳ ለማቃለል ነው። መጀመሪያ ክብደት። በብርቱ ነፋስ ባሕረኞቹ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወደ ኋላ ተለጥጠው ይቀመጣሉ። በደካማ ነፋስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ ፊትና ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ተጠግተው ይተኛሉ። ያኔ የጀልባዋ ኋላ ከውኃ ቀና ይላል፣ አንደኛዋ ታንኳም ትቀልላለች። የታንኳዎቹ ጅራት ውኃ ውስጥ ከተነከረ ከኋላ የሚፍለቀለቅ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ጀልባዋ እየተጎተተች መሆኑን የምትናገርበት ነው፤ ልምድ ያለው ነጂ በጆሮው ሰምቶ ጓደኛውን አንድ ክንድ ወደ ፊት ያስጠጋዋል። አንዴ ቦታ ከያዙ ደግሞ መንቀሳቀስ የለም። አንድ ሰው ዘሎ ቢነሳ ሸራው ይርገበገባል፣ በስንት መከራ የተጠራቀመችው ፍጥነት ድራሿ ይጠፋል።

ሸራውን አለማጨናነቅም ሌላው ነው። ጀማሪ ሰው ነፋስ ሲጠፋበት ገመዱን ወጥሮ ይይዛል፤ ኳስ አልገባ ያለው አጥቂ ዝም ብሎ በኃይል እንደሚመታው ነው። የደከመ ነፋስ ግን በተወጠረ ሸራ ላይ መጠምዘዝ አይችልም፤ ይላቀቅና ይሞታል። ስለዚህ ገመዱ በመጠኑ ይለቀቃል፣ የሸራው ጫፍ ከላይ ትንሽ እንዲከፈት ይደረጋል። ሸራው ላይ የተሰፉ ቀጫጭን የክር ቁርጥራጮች አሉ፤ በሁለቱም ጎን ቀጥ ብለው ከተኙ ነፋሱ በትክክል እያለፈ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው አቅጣጫ ነው። መድረሻው ወዲያ ማዶ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ከሆነ፣ ሰው በተፈጥሮው አፍንጫውን ወደዚያው ቀስሮ አጭሩን መንገድ መሄድ ይፈልጋል። በካታማራን ይህ አይሞከርም። ትንሽ ዘወር ብሎ መጀመሪያ ፍጥነት መግዛት ያስፈልጋል። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውጪ ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ እጁን በመስኮት ቢያወጣ ነፋስ ይሰማዋል፤ ነፋሱን የፈጠረው የመኪናው ፍጥነት ነው። ቀላል ጀልባም እንዲሁ ስትንቀሳቀስ በሸራዋ ላይ ተጨማሪ ነፋስ ትፈጥራለች፣ በዚያ ነፋስ ደግሞ ትፈጥናለች። ነፋሱ ከኋላ ሲሆንም ያው ነው። ቀጥ ብሎ እንደመሄድ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ረጅሙን መንገድ መሄድ ቀድሞ ያደርሳል።

መታጠፍ ደግሞ የካታማራን የዘላለም ራስ ምታት ነው። ከባድ ጀልባ ስትታጠፍ ክብደቷ ራሱ ገፍቶ ያሳልፋታል። ቀላሏ ግን ነፋሱ ፊት ለፊቷ ሲመጣ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ አልፎ አልፎም ወደ ኋላ መሄድ ትጀምራለች። ስለዚህ ከመታጠፍ በፊት ፍጥነት መያዝ፣ መሪውን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መግፋት (መሪ በኃይል ከተጠመዘዘ ፍሬን ነው)፣ የፊቱን ሸራ ለአፍታ በተቃራኒው በኩል ይዞ አፍንጫዋን ማስገፋት የግድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መታጠፍን መቀነስ ነው። ዓይን ውኃው ላይ ይሁን፤ ጠቆር ብሎ የሚሸበሸበው ቦታ ነፋስ አለበት፣ መስታወት የመሰለው ቦታ የለበትም።

በ1876ቱ ውድድር መጀመሪያ ላይ አማሪሊስን ከኋላ ያስቀራት ይህ ሁሉ የመተሻሸትና የቅለት ጣጣ ነው። ናትናኤል ከእገዳው በኋላም ተስፋ አልቆረጠም። በኤፕሪል 1877 ለፈጠራው የአሜሪካን መንግሥት ፓተንት አገኘ። በንድፉ ሁለቱ ታንኳዎች ከመሀሉ አካል ጋር የተያያዙት በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ስለነበር እያንዳንዳቸው ማዕበሉን ለየብቻቸው ይወጡታል ይወርዱታል። ታራንቴላን የመሰሉ ጥቂት ካታማራኖችም ሠርቷል። በሕይወቱ ከነዳቸው ጀልባዎች ሁሉ ደስታ የሰጡት እነዚህ እንደነበሩ ቤተሰቦቹ ጽፈዋል። ግን ምን ዋጋ አለው? መወዳደር የማይችል የውድድር ጀልባ ማን ይገዛል? ገዢ የለም፣ እንጀራም የለም።

በ1878 ከዓይነ ስውሩ ወንድሙ ከጆን ጋር ሄሬሾፍ ማኑፋክቸሪንግ ካምፓኒን መሠረተ። ጆን ገንዘቡንና ደንበኛውን ይዞ፣ ናትናኤል ንድፉን ይዞ ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንጀራቸው እንፋሎት ነበር። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎችን ሠሩ፤ በ1885 የሠሯት ስቲሌቶ በሀድሰን ወንዝ ላይ ሜሪ ፓወል የምትባለውን በፍጥነቷ የታወቀች መርከብ ቀድማ መነጋገሪያ ሆነች። ይህ ዘመን ግን ጠባሳም ጥሎበታል። በ1888 ሴይ ዌን የምትባል የእንፋሎት ጀልባ ፍጥነት ሲፈተሽ ቦይለሯ ፈንድቶ ሰው ሞተ። ናትናኤል የደህንነት መክፈቻውን ነካክቷል ተብሎ የእንፋሎት መሐንዲስነት ፈቃዱን ተነጠቀ።

ወደ ሸራ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ አመላለሱም የሚያስደነግጥ ነበር። በ1891 ግሎሪያና የምትባለው ጀልባው የገባችበትን ውድድር ሁሉ አሸነፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ የስፖርቱ ትልቁ ዋንጫ፣ አሜሪካስ ካፕ፣ በሩን አንኳኳ። ለ1893ቱ ውድድር የሠራት ቪጂላንት የታችኛው ገላዋ በነሐስ ቅይጥ የተለበጠ ነበር። ነሐስ ሲወለወል ይለሰልሳል፤ ነፋስ ሲደክም ዋናው ጠላት መተሻሸት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ልስላሴ ማለት ፍጥነት ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቀን ከእንግሊዟ ቫልኪሪ ሁለተኛ ጋር ስትገጥም ነፋሱ ጠፋ። እንግሊዟ በሰፊ ልዩነት እየመራች የተወሰነው ሰዓት አለቀና ውድድሩ ተሰረዘ። ደካማ ነፋስ አንዴ ቀጥቶት ነበር፤ በዚያን ቀን ካሰው። በቀጣዮቹ ቀናት መሪውን ራሱ ናትናኤል እየያዘ ቪጂላንት 3 ለ 0 አሸነፈች። በ1895 ደግሞ ዲፌንደር ተከተለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሰው የአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ሁሉ በስሙ ያውቁታል። ሰር ቶማስ ሊፕተን፣ የሻዩ ባለቤት። ሊፕተን ሻምሮክ የሚል ስም በሰጣቸው ጀልባዎቹ አሜሪካስ ካፕን ለመውሰድ 5 ጊዜ ሞክሯል፤ 4ቱን ጊዜ ከፊቱ የቆመው የናትናኤል ጀልባ ነበር። ለእግር ኳስ አፍቃሪው ሊፕተን ሌላም ነገር ነው። በ1909 በጣሊያን ቱሪን ከተማ የተለያዩ አገራት ክለቦች የተጋጠሙበትን ዋንጫ ያበረከተው እሱ ሲሆን፣ ዓለም ዋንጫ ከመጀመሩ 21 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ዋንጫውን የወሰደው ከሰሜን እንግሊዝ የመጣው፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች የተጫወቱበት አማተሩ ዌስት ኦክላንድ ነው። በ1911 ተመልሶ መጥቶ በፍጻሜው ጁቬንቱስን 6 ለ 1 ቀጥቶ ሄደ። ሊፕተን ለሌሎች ዋንጫ ሲሰጥ ኖሮ ለራሱ የፈለጋትን አንዷን ሳያገኝ በ1931 አረፈ።

የሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያ ግጥሚያ በ1899 ነበር። ናትናኤል ኮሎምቢያን አቀረበ። ተመልካቹ በብዙ መርከብ ተጭኖ ወጣ፤ ነፋስ ግን አልመጣም። ከኦክቶበር 3 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ጀልባዎቹ እየወጡ፣ ሰዓቱ እያለቀ፣ ጉም እየወረደ አንድም ውድድር ሳይጠናቀቅ ተመለሱ። በ16ኛው ቀን ነፋስ ሲገኝ ኮሎምቢያ 3 ለ 0 ጨረሰችው። በ1901 ያችው ኮሎምቢያ ሻምሮክ ሁለተኛን ገጠመች። በመጨረሻው ውድድር የሊፕተን ጀልባ መስመሩን በ2 ሰከንድ ቀድማ ተሻገረች፤ ሆኖም በልኬቷ ምክንያት ለተጋጣሚዋ የምትሰጠው የጊዜ ማካካሻ ስለነበር ተሸነፈች። ውጤቱ ያው 3 ለ 0 ነው።

ከዚያ መጣች ሪላያንስ። የ1903ቷ ሪላያንስ 1500 ካሬ ሜትር ሸራ ተሸክማ ከ60 በላይ ባሕረኛ የሚያስፈልጋት ጭራቅ ነበረች። የዘመኑ ደንብ የጀልባን ርዝመት የሚለካው ቆማ ሳለች ውኃው በሚነካት መስመር ላይ ነው። ናትናኤልም ውኃ መስመሯን 27 ሜትር ላይ ያዘና ከፊትና ከኋላ ከውኃው በላይ የተንሳፈፈ ገላ ጨመረላት፤ አጠቃላይ ርዝመቷ 44 ሜትር ገደማ ደረሰ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ስትቆም ውኃ የሚነካው ገላዋ ትንሽ ነው፣ በደካማ ነፋስ መተሻሸቱ ይቀንሳል። ነፋስ ሲመጣና ስትጋደም ያ የተንሳፈፈው ገላ ውኃ ውስጥ ይገባና ረጅም ጀልባ ትሆናለች። አማሪሊስ በሁለት ታንኳ የገጠማትን ጥያቄ ሪላያንስ በአንድ ሆድ መለሰችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሻምሮክ ሦስተኛን 3 ለ 0 አሸነፈች። በ1876 የሌሎች ሰዎች ደንብ የቀጣው ሰው አሁን ደንቡን ራሱን እንደ ጣት ቀለበት እያዞረው ነበር።

የሚገርመው ግን ሪላያንስን የመሰለች አደገኛ ጀልባ የምታሸንፍበት ደንብ ልክ እንዳልሆነ ያመነው ናትናኤል ራሱ መሆኑ ነው። ክብደትን ጭምር የሚቆጥር አዲስ የመለኪያ ደንብ አረቀቀ፤ ዩኒቨርሳል ሩል ተብሎ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ሪላያንስ ግን አሥር ዓመት ቆይታ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የመጨረሻው ግጥሚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ዘግይቶ በ1920 ሆነ። ናትናኤል 72 ዓመቱ ነው፣ ወንድሙ ጆን በ1915 አርፏል፣ ፋብሪካውም በ1917 ለሌሎች ተሸጧል። ሪዞሉት የምትባለው ጀልባው ገና በመጀመሪያው ውድድር የሸራ ገመዷ ተበላሽቶ አቋረጠች፤ ሁለተኛውንም ሻምሮክ አራተኛ ወሰደች። 2 ለ 0! ሊፕተን አንድ ብቻ ቀረው። እዚህ ጋ ከ2 ለ 0 ተነስተው ያሸነፉ ቡድኖችን የሚያስታውስ ደጋፊ የሚቀጥለውን መገመት ይችላል። ሪዞሉት የቀሩትን ሦስቱን በተከታታይ አሸንፋ 3 ለ 2 ጨረሰች። ናትናኤል ከ1893 እስከ 1920 በ5 ጀልባ 6 ጊዜ ዋንጫውን አስጠብቆ ወጣ።

ሰውዬው ብዙ የማይናገር፣ ብቻውን መሥራት የሚወድ ነበር። ካበጃቸው ሁሉ ዕድሜ የጠገበችው ግን ከእነዚያ ግዙፎች አንዷ አይደለችም። በ1914 ለልጆች መማሪያ የነደፋትና በውኃ መስመሯ 12 ጫማ ተኩል ብቻ የምትለካው ትንሽ ጀልባ ከመቶ ዓመት በኋላም ስትሠራና ስትነዳ ትታያለች። በ1933፣ እሱ 85 ዓመት ሲሆነው፣ ልጁ ሲድኒ የአባቱን የድሮ ሐሳብ አንስቶ አማሪሊስ ሁለተኛን ሠራ። ከ57 ዓመት በኋላ ባለ ሁለት ታንኳ ጀልባ እንደገና ከሄሬሾፍ ቤት ወጣች። ናትናኤል ጁን 2 ቀን 1938 በተወለደባት ብሪስቶል በ90 ዓመቱ አረፈ። አማሪሊስ ሁለተኛ በከተማዋ በስማቸው በተከፈተው ሙዚየም ተቀምጣለች።

እገዳውስ? ካታማራን ኦሊምፒክ የገባው ቶርናዶ በሚባለው ዓይነት በ1976 የሞንትሪያል ጨዋታ ላይ ነው፤ አማሪሊስ ከተከሰሰች ልክ በመቶ ዓመቱ። በ1988 ደግሞ አሮጌው ክርክር በአሜሪካስ ካፕ ተነሳ። ኒውዚላንዶች በውኃ መስመሯ 27 ሜትር የሆነች ግዙፍ ባለ አንድ ሆድ ጀልባ ይዘው ሲመጡ፣ አሜሪካዊው ዴኒስ ኮነር ሳን ዲዬጎ ላይ 18 ሜትር በሆነች ካታማራን ጠበቃቸው። ዋንጫው በ2 ለ 0 ቢያልቅም ተሸናፊዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1989 አንድ ዳኛ ዋንጫው ለኒውዚላንድ ይሰጥ ብለው ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በ1990 የኒውዮርክ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ካታማራኗ እንዳሸነፈች አጸናው። የናትናኤል ዳኞች ከወሰኑት ተቃራኒውን መሆኑ ነው።

በፌብሯሪ 2010 ቫሌንሲያ ላይ ሁለቱም ተጋጣሚዎች ብዙ ሆድ ይዘው ቀረቡ፤ የስዊሱ አሊንጊ ካታማራን፣ የአሜሪካው ኦራክል ባለ ሦስት ሆድ ትራይማራን። በ8ኛው ቀን ይጀመራል የተባለው ውድድር የሚረባ ነፋስ ጠፍቶ ተራዘመ፤ በ10ኛው ቀን ደግሞ ማዕበሉ ከልክ በላይ ሆነ። በ12ኛው ቀን ደከም ያለ ነፋስ መጣ። ብዙዎች በዚህ ነፋስ ቀላሏ አሊንጊ ታሸንፋለች ብለው ነበር፤ ጅማሬውም ላይ ቀድማለች። ኦራክል ግን እንደ አውሮፕላን ክንፍ በቆመው ጠንካራ ሸራዋ ተደግፋ ሁለቱን ሆዶቿን ከውኃ አንስታ በአንዱ ብቻ እየተሻሸች አለፈቻት፤ ልዩነቱ 15 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ነበር። በሁለት ቀን ልዩነት በተካሄደው ሁለተኛው ውድድርም ደገመችው።